የፋመ ከሰል እና የተዘጋ በር

ስለ አደጋ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ «ተጠንቀቁ» በሚል አንድ ቃል ያልቃል። ምክሩ የሚሠራው አደጋው ሲታይ፣ ሲሸት ወይም ሲሰማ ነው። ከሰልና ጄኔሬተር የሚያወጡት ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። ኪዋቱሌን እንውሰድ፤ በካምፓላ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከንቲንዳ ወደ ናጄራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሰፈር ነው። እንደ ብዙው የካምፓላ ሰፈር እዚህም ግቢ ያለው ቤትና ባለ አንድ ክፍል ኪራይ ቤት ተጎራብተው ይኖራሉ፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል፣ ምግቡም በአብዛኛው የሚበስለው ሲጊሪ በሚሉት የከሰል ምድጃ ነው። ምድጃው ቀን ደጅ ይውላል፤ ዝናብ ሲጥልና ማታ በር ሲቆለፍ ግን ወደ ውስጥ ይገባል። አዲስ አበባ ላይ የክረምቱ ብርድ ይህንኑ ያስደርጋል። ፋብሪካና ማዕድን ማውጫ ከብዙ ሞት በኋላ የተማሩትን መኖሪያ ቤት ገና አልተማረም፤ የማይታይን አደጋ የሚያስቀረው የሰው ጥንቃቄ ሳይሆን አስቀድሞ የተደረገ ዝግጅት ነው።

ትልቁ ስህተት ያለው ከሰሉ መቼ ይግባ በሚለው ላይ ነው። ከሰል ሲቀጣጠል መጀመሪያ ይጨሳል፤ በደንብ ያልከሰለው እንጨትና እርጥበቱ ያልቅና ጭሱ ይጠፋል፣ ፍሙ ይቀላል። ያኔ «አሁን ጭስ የለውም» ተብሎ ወደ ክፍል ይገባል። ለዓይንና ለጉሮሮ እውነት ነው፤ ለደም ግን አይደለም። ከምድጃው ሥር የሚገባው ኦክሲጅን ታችኛውን ፍም ያነድዳል። የሚፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በላይኛው የጋለ ከሰል ውስጥ ሲያልፍ አንድ ተጨማሪ የካርቦን አቶም ይነጥቅና ሁለት የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውሎች ይሆናል። ከፍሙ አናት ላይ ሽው የምትለው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲነድ ነው። ነበልባሏ ስትጠፋ ጋዙ መንደዱን እንጂ መፈጠሩን አላቆመም፤ ሳይነድ ወደ ክፍሉ ይበተናል። ክብደቱ ከአየር እምብዛም ስለማይለይ ወለል ላይም ጣሪያ ላይም ተለይቶ አይቀመጥም፤ አልጋው የትም ይሁን ይደርስበታል።

ጋዙ ሳንባ ከገባ በኋላ በደም ውስጥ ኦክሲጅን ከሚሸከመው ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ኦክሲጅን ከሚጣበቀው ከ200 እስከ 250 እጥፍ በበለጠ ኃይል ነው። ስለዚህ ከአየሩ 0.1 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ጊዜ ካገኘ ከሄሞግሎቢኑ ግማሽ ያህሉን ከሥራ ውጭ ያደርጋል። በከፍታ ላይ ነገሩ ይብሳል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የኦክሲጅን ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ካምፓላም ከባሕር ዳርቻው ያነሰ ነው። ተፎካካሪው ሲዳከም ጋዙ ያይላል። የመጀመሪያ ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ናቸው፤ ወባ በማይጠፋበት አገር ወባ፣ ውሎ ለደከመው ሰው ደግሞ ድካም ይመስላሉ። ቀድመው የሚከዱትም ማመዛዘንና እግር ናቸው፤ ነገሩ የገባው ሰው እንኳ በር ድረስ መድረስ ሊያቅተው ይችላል። የተኛ ሰውማ ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

ብሪታንያዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ጆን ስኮት ሃልዴን ጋዙን ራሱ እየተነፈሰ መርምሮታል። እ.ኤ.አ. በ1896 ባቀረበው ሪፖርትም በከሰል ማዕድን ፍንዳታዎች ከሚሞቱት አብዛኞቹን የሚገድላቸው ፍንዳታው ሳይሆን ይህ ጋዝ መሆኑን አሳየ። ጋዙን ቀድመው እንዲያሳዩ ትናንሽ ወፎች ወደ ጉድጓድ እንዲወርዱ ያደረገው የእሱ ሐሳብ ነው፤ በብሪታንያ ማዕድን ማውጫዎች እስከ እ.ኤ.አ. 1986 ድረስ አገልግለዋል። ማዕድን ቆፋሪ ጠንቃቃ ስለሆነ ብቻ እንደማይድን ታውቆ ነበርና ማወቁ ለሌላ ተሰጠ። የዛሬው የሙያ ደህንነት ትምህርትም የተገነባው በዚህ መንገድ ነው። መጀመሪያ አደጋውን አስወግድ፤ ካልሆነ በሌላ ተካው፤ ካልሆነ በግንባታና በአየር ማስወጫ ከሰው ለየው። መመሪያና ማስጠንቀቂያ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ጭምብልና ጓንት ደግሞ መጨረሻ ላይ። የዑጋንዳ እ.ኤ.አ. የ2006 የሙያ ደህንነትና ጤንነት ሕግም ሆነ የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግዴታውን በዋናነት የጣሉት በአሠሪው ላይ ነው። መኖሪያ ቤት ግን አሠሪም ተቆጣጣሪም የለውም።

ሳይንሱ የሚጠይቀው ግን ተቃራኒውን፣ ለመኖሪያ ቤት የበለጠ ጥብቅ ወሰን ነው። በአሜሪካ ሕግ አንድ ሠራተኛ በ8 ሰዓት ፈረቃ በአማካይ ሊተነፍሰው የሚፈቀደው መጠን ከሚሊዮን 50 እጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለቤት ውስጥ አየር በ8 ሰዓት ያስቀመጠው ወሰን በኪዩቢክ ሜትር 10 ሚሊግራም፣ ማለትም ከሚሊዮን 9 እጅ ገደማ ነው። ልዩነቱ የመጣው ቤት ውስጥ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ ልብ ሕመምተኛና አረጋዊ ስላሉ ነው፤ የፅንስ ሄሞግሎቢን ጋዙን ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል፣ ለመልቀቅም ይዘገያል።

«እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ከሰል ዳር ኖረዋል» የሚለው መልስ ተደጋግሞ ይሰማል። የኖሩበት ቤት ግን ይህ አይደለም። የሣር ክዳንና የጭቃ ግድግዳ በየስንጥቁ ይተነፍሳል፤ የዛሬው የብሎኬት ክፍል በብረት በርና በመስታወት መስኮት የታሸገ ነው። ከሰሉ ሳይለወጥ ቤቱ ተለወጠ። «በሩን ገርበብ እናደርጋለን» ለሚሉትም፣ አየር የሚለዋወጠው መግቢያም መውጫም ሲኖረው ነው፤ ነፋስ በሌለበት ሌሊት አንድ ጠባብ ክፍተት ብዙ አያወጣም፣ ለሌባ ወይም ለብርድ ተብሎ መዘጋቱም አይቀርም። በጋራዥና በቀለም ቤት ለሠራተኛ መከላከያ ተብሎ የሚሰጠው ወተት ምግብ ነው እንጂ ከሄሞግሎቢን ጋር የተጣበቀ ጋዝን አይነካም። የጨርቅ ጭምብልም የተለመደው የአቧራ ማጣሪያም ጋዙን አያስቀሩም። ከሱቅ ጀርባ የሚነሳው ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን እንደሚለው የአንዱ ጄኔሬተር ካርቦን ሞኖክሳይድ በመቶዎች የሚቆጠሩ መኪኖችን ያህላል። መስኮት መክፈት አይበቃውም፤ ቦታው ደጅ፣ ከበርና ከመስኮት ርቆ ነው።

አደጋ ሲደርስ በርና መስኮቱን ከፍቶ፣ ሳይቆዩ ሰውየውን አውጥቶ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። ለሐኪሙም ከሰል ወይም ጄኔሬተር እንደነበረ መናገር የግድ ነው፤ ጣት ላይ የሚሰካው የተለመደ የኦክሲጅን መለኪያ ጋዙን የተሸከመውን ደም ኦክሲጅን እንደያዘ አድርጎ ስለሚቆጥር ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል። በተራ አየር ጋዙ በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በንጹሕ ኦክሲጅን ከ1 ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። የተሻለው ሰውም ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የመርሳትና የጠባይ ለውጥ ሊያሳይ ስለሚችል ክትትል ያስፈልገዋል።

ከባዱ ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ከሰል በትንሽ በትንሹ ይገዛል፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የጋዝ ሲሊንደርና ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚለይ ደወል ዋጋቸው በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። አንድ ክፍል ተከራይታ ልጆቿን የምታስተኛ እናት «ከሰል አትጠቀሚ» ብትባል የምትመርጠው ሌላ ነገር የላትም፤ ይህን ሳይመልሱ ማስጠንቀቅ ኃላፊነትን በጣም አቅመ ቢስ በሆነው ሰው ላይ መጣል ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሥፍራውን የሚያዘጋጀው ባለቤቱ ከሆነ፣ በኪራይ ቤት ደግሞ አከራዩ ነው። ምድጃው ደጅ እንዲያድር የሚያስችል በቆርቆሮ የተከደነ፣ ግድግዳ የሌለው የጋራ ማብሰያ፣ በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ የማይደፈኑ የአየር ቀዳዳዎች፣ ለጄኔሬተሩም ከቤቶቹ የራቀ ጥግ፣ እነዚህ ግንባታው ሲጀመር ከቤቱ ዋጋ ትንሽ እጅ ናቸው። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው የካምፓላም ሆነ የአዲስ አበባ አስተዳደር ሊጠይቃቸው ይገባል፤ ፕላኑ ላይ ማብሰያ የሌለው የኪራይ ክፍል ሲቀርብለት ከሰሉ የት ሊነድ እንደታሰበ ይጠይቅ።