ነፋስ እንዴት መብራት ይሆናል?

ከኮምቦልቻ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ የወጣ ሰው ነፋሱ ጋቢ እንደሚያስደርብ ያውቃል። ይህ ነፋስ እንዴት ኤሌክትሪክ ይሆናል?

በአዳማ አጠገብ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው የነፋስ ኃይል ማመንጫ 102 ተርባይኖች ሲኖሩት አቅሙ 153 ሜጋ ዋት ነው። ክንፎቹ እንደ አውሮፕላን ክንፍ የተቀረጹ ስለሆኑ ነፋሱ ሲያልፍባቸው ዘንጉን ያዞሩታል። ዘንጉ ዝግ ብሎ ስለሚዞር ማርሽ ዙሩን ያበዛዋል፤ በጄኔሬተሩም ውስጥ ማግኔት ከመዳብ ሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲሽከረከር በሽቦው ኤሌክትሪክ ይፈጠራል።

የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ በግማሽ ሲቀንስም እንዲሁ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። እንግዲህ ለጤና ጣቢያ ትንሽ ተርባይን ለመትከል የምታስቡ ወገኖች፣ ነፋሱን ዓመት ሙሉ ሳትለኩ ገንዘብ አታውጡ። ባትሪም ጨምሩበት፤ ነፋሱ ባረፈ ሌሊት የክትባቱ ማቀዝቀዣ እንዳይሞቅ።