ሰም በሌለበት ወርቅ ፍለጋ

ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሕዝብ ነገር ሁሉ ሁለት ፊት ያለው መስሎ ቢታየው የሚያስደንቅ አይደለም። ከልጅነታችን ጀምሮ ሽማግሌ ሲናገር ቃሉን ብቻ ሳይሆን ከቃሉ በስተኋላ ያለውን ጭምር እንድናዳምጥ ተመክረን አድገናል። ግጥም ሲደረደር ወርቁን ቀድሞ ያወጣ ይመሰገናል፤ ሳይገባው የሳቀ ይሳቅበታል። ይህ አእምሮን የሚስል መልካም ልማድ ነው። ሆኖም የተሳለ ቢላዋ ሥጋውንም ጣትንም እንደሚቈርጥ ሁሉ፣ ምሥጢር የመፈለግ ልማድም ልክ ካልተበጀለት ሰውን የሚጎዳበት ጊዜ አለ። በሥዕልና በንግድ ምልክት ላይ የሚነገረውን ወሬ ስንመረምር ይህን በግልጥ እናየዋለን።

ለዛሬ በምሳሌነት የመረጥነው የአንድ የአሜሪካ ሳሙና ፋብሪካ ታሪክ ነው። (የውጭ አገሩ ታሪክ ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።) ፕሮክተርና ጋምብል የተባለው ኩባንያ በ1837 ዓ.ም. በሲንሲናቲ ከተማ በአንድ ሻማ ሠሪና በአንድ ሳሙና ሠሪ ተቋቋመ። በ1850ዎቹ ዓመታት ሻማው በወንዝ መርከብ ሲጫን፣ ፊደል ያልቈጠረው የወደብ ሠራተኛ ሣጥኑን ከሌላው እንዲለይ በላዩ የመስቀል ቅርጽ ይደረግበት ጀመር። መስቀሉ ቈይቶ ኮከብ ሆነ፤ ኮከቡ 13 ኮከቦች ሆነ፤ በአጠገባቸውም የሰው ፊት ያላት ጨረቃ ተሣለች። 13ቱ ኮከቦች በ1776 ነጻነታቸውን ያወጁትን 13 የአሜሪካ ግዛቶች ለማሰብ የተደረጉ ናቸው። ምልክቱም በ1882 በሕግ ተመዘገበ።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በዚሁ ምልክት ላይ አዲስ ትርጓሜ ወጣ። ኮከቦቹን በመስመር ቢያገናኙዋቸው በዮሐንስ ራእይ የተነገረው የአውሬው ቍጥር 666 ይወጣል ተባለ፤ የጨረቃዋ ጢም ጥቅልልም በመስተዋት ሲታይ ያንኑ ቍጥር ይሰጣል ተባለ። ወሬው በዚህ አላበቃም። የኩባንያው ሹም በቴሌቪዥን ቀርቦ ከትርፉ ለሰይጣን አምላኪዎች እንደሚሰጥ ተናግሯል እየተባለ በወረቀት እየተባዛ ይታደል ጀመር። የቴሌቪዥኑ ፕሮግራም ባለቤቶች እንዲህ ያለ ሰው ቀርቦ እንደማያውቅ አስታወቁ፤ ስመ ጥር ሰባክያንም ወሬው ሐሰት መሆኑን በደብዳቤ መሰከሩ። ይሁን እንጂ በ1982 ኩባንያው በአንድ ወር ውስጥ ስለዚሁ ጉዳይ ከ10 ሺህ በላይ የስልክ ጥያቄ ይደርሰው ነበር።

ኩባንያው በ1985 ምልክቱን ከዕቃዎቹ ላይ ለማንሳት ተገደደ። በ1991ም ጢሙን አስተካክሎ ጥቅልሉን አጠፋው። ወሬው ግን አልሞተም። በ1995 የተጀመረው ክስ እስከ 2007 ቈይቶ፣ ወሬውን አሰራጭተዋል የተባሉ አራት የተፎካካሪ ኩባንያ ዕቃ ሻጮች የነበሩ ሰዎች 19 ሚሊዮን 250 ሺህ ዶላር እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው። እንግዲህ ነገሩን ልብ እንበለው፤ ፊደል ላልቈጠረ ሰው እንዲያገለግል የተጀመረውን ምልክት ፊደል የቈጠረው ሰው የሌለበትን አነበበበት።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ነገሩ ከባድ አይደለም። 13 ነጥብ በወረቀት ላይ በትነን፣ የወደድነውን ነጥብ አንሥተን ያልወደድነውን ትተን መስመር ብንሰምር፣ የፈለግነው ቍጥር ይወጣል። 666 ያወጣው መስመር 888 ለማውጣትም አያቅተውም። ዓይናችን ደግሞ በተፈጥሮው ቅርጽ ፈላጊ ነው፤ በደመና ውስጥ አንበሳ፣ በግድግዳ እርጥበት ላይ የሰው ፊት ያሳየናል። ጥፋቱ ማየቱ ላይ አይደለም፤ ያየነውን ሌላ ሰው ሆን ብሎ አስቀመጠው ስንል ነው።

እንዲህ ስንል ግን የተሰወረ ትርጕም የሚባል ነገር የለም ማለታችን አይደለም። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ሲሣሉ፣ ኃጥአን ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ይህን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው በምሴተ ሐሙስ ሥዕል ይሁዳን ለማግኘት አይቸገርም። በአፍሪካ አዳራሽ፣ አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር በተመረቀ ጊዜ ሰው ያደነቀው የአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕልም የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን በሦስት ክፍል የሚናገር ነው። በንግዱም ዓለም ቢሆን፣ ፌዴክስ የተባለው ዕቃ አመላላሽ ኩባንያ በ1994 ባወጣው የስሙ ጽሕፈት፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት መካከል ባለው ባዶ ቦታ ቀስት አለ። ምልክቱን ያዘጋጀው ሊንደን ሊደር ቀስቱን ዐውቆ እንዳደረገው ራሱ ተናግሯል።

ታዲያ እውነተኛውን ከሐሰተኛው በምን እንለየዋለን? መልሱን ከሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልገንም፤ የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ይበቃናል። በቅኔ ጉባኤ ወርቅ አገኘሁ ያለ ተማሪ ወርቁን የተሸከመውን ኅብረ ቃል እንዲያሳይ ይጠየቃል። ኅብረ ቃሉን ካላሳየ መምህሩ አይቀበለውም። መጽሐፍ ሲተረጐምም «አንድም» እያሉ ትርጓሜ የሚያበዙት ሊቃውንት ከመምህር የተቀበሉትን ይናገራሉ እንጂ ባሕር ላይ እንደ ተጣለ እንጨት ወደ ወደዱት አቅጣጫ አይንሳፈፉም። ሕዝባችን ምሥጢር ፍለጋን ብቻ ሳይሆን የፍለጋውን ሕግም አብሮ አቈይቶልናል።

ይህንኑ ሕግ በንግድ ምልክት ላይ እንሞክረው። አፕል የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ምልክት የተገመጠ ፖም ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ አላን ቱሪንግ በ1954 በመርዝ ሲሞት አጠገቡ የተገመጠ ፖም ስለ ተገኘ፣ ምልክቱ ለእርሱ መታሰቢያ ነው እየተባለ ይወራል። ወሬው ልብ ይነካል፤ ነገር ግን ምልክቱን በ1977 የሣለው ሮብ ጃኖፍ ግማጁን ያደረገው ፍሬው ቼሪ ከሚባለው ትንሽ ፍሬ እንዲለይ መሆኑን ገልጿል። ቤ ኤም ቬ የተባለው የመኪና ፋብሪካ ምልክትም የሚሽከረከር የአውሮፕላን ማራገቢያ ነው ይባላል። ሰማያዊና ነጭ ቀለሙ ግን ፋብሪካው የተወለደበት የባየርን ግዛት ቀለም ነው። ለስሕተቱ ምክንያት የሆነው ፋብሪካው ራሱ በ1929 ምልክቱን በማራገቢያ ላይ አድርጎ ባወጣው ማስታወቂያ ነው። አንዳንድ ጊዜ ወሬው ለነጋዴው ጥቅም ሲሰጥ ባለቤቱም አይቃወመውም።

ስለዚህ «ምሥጢር አለው» የሚል ሰው ሲገጥመን ሦስት ጥያቄ ብናቀርብለት መልካም ነው። ሠሪው ምን ብሏል? ይህ ምልክት ይህን እንዲያመለክት የተስማማበት ሕዝብ ወይም ሙያ አለ? በዚሁ መንገድ ብንሄድ ተቃራኒውን ትርጓሜ ማውጣት አንችልም? ለሦስቱም መልስ ያጣ ትርጓሜ ወርቅ ሳይሆን የተርጓሚው የራሱ ሐሳብ ነው።

ይህን ሁሉ የምንለው ለሳሙና ኩባንያ አዝነን አይደለም። ጉዳዩ በየመሥሪያ ቤታችን አለ። አለቃ ሰላምታ ሳይሰጥ ቢያልፍ «ነገር አለ» ይባላል። በዝውውር ደብዳቤ ላይ ማኅተሙ ዘመም ቢል፣ ግልባጩ ለማን እንደ ተደረገ ተቈጥሮ ትርጓሜ ይወጣለታል። አንድ ወጣት ጸሐፊ በመዝገብ ዳር ቀይ መስመር ቢያሰምር «እገሌን ለማስወጣት ነው» ይባልና እስከ ማታ ድረስ በየቢሮው ይዳረሳል። ዛሬ ደግሞ የእጅ ስልክ ስላለ ማታንም አይጠብቅም። ታላቁ ኩባንያ ስሙን ለማጽዳት 12 ዓመት የሚከራከር ጠበቃ አቁሟል። ስሙ በከንቱ የጠፋበት ጸሐፊ ግን ይህን የሚያደርግበት ደመወዝ የለውም።

የተማረ ሰው ከሌላው የሚለየው ብዙ ምሥጢር በማግኘቱ ብቻ መሆን የለበትም። ወርቁን ሲያወጣ ሰሙን ለማሳየት፣ ሰሙን ሲያጣም «እዚህስ ወርቅ የለም» ለማለት ቢደፍር፣ የቅኔ አገር ልጅ መሆኑን በሚገባ አስመሰከረ እንላለን።