የመጨረሻው ጠረጴዛ ስሌት

በካርታ ውድድር መጀመሪያ ላይ አትራፊ የነበረ ድፍረት ውድድሩ ሊያልቅ ሲቃረብ ወደ ኪሳራ የሚለወጥ ሲሆን፣ ምክንያቱም የተጫዋቹ ድካም ወይም የመንፈስ መናወጥ ብቻ ሳይሆን ሽልማቱ የሚከፋፈልበት ሥርዓት ነው። ይህ ሐቅ እጅግ ጎልቶ ከሚታይባቸው ጨዋታዎች አንዱ ኦማሃ የተባለው የፖከር ዓይነት ነው። የመግቢያ ክፍያቸው 10,000፣ 25,000፣ አንዳንዴም 50,000 የአሜሪካ ዶላር በሆነ የኦማሃ ውድድሮች፣ እስከ መጨረሻዎቹ ሰዓታት የዘለቁ ተጫዋቾች ከተቃዋሚያቸው የተሻለ ካርታ እንደያዙ እየገመቱ እንኳ ሲጥሉት ይታያል፤ ይህም ለተመልካች ፍርሃት ይምሰል እንጂ በቁጥር ሊረጋገጥ የሚችል ጥበብ ነው።

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጎፋም ሆነ በመካኒሳ ወይም በለቡ ለሚኖር አንባቢ ካርታ ሲባል አስቀድሞ የሚታወሰው ኮንከር ሊሆን ይችላል። በኮንከር ተጫዋቹ በእጁ ያለውን ደብቆ ካርታ እያነሣና እየጣለ ጥምረቱን ያሟላል። በፖከር ግን ተጫዋቹ የራሱን ድብቅ ካርታ በጠረጴዛው መሐል በግልጽ ከሚዘረጋ የጋራ ካርታ ጋር አቀናጅቶ አምስት ካርታ ያሉት ጥምረት ይሠራል፤ በየዙሩም ወይ ገንዘብ ያስይዛል ወይ ካርታውን ጥሎ ይወጣል። በብዙ አገሮች የታወቀው ቴክሳስ ሆልደም ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ድብቅ ካርታ ሲያድል፣ ኦማሃ አራት ያድላል። ይሁን እንጂ የኦማሃ ተጫዋች ከአራቱ የግድ ሁለቱን ብቻ፣ ከአምስቱ የጋራ ካርታዎችም የግድ ሦስቱን ብቻ መጠቀም አለበት። ጨዋታው በላስ ቬጋስ የታወቀው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሲሆን፣ ሮበርት ተርነር የተባለ ተጫዋች በጎልደን ነጌት ካዚኖ የካርታ ክፍሉን ይመራ ለነበረው ቢል ቦይድ አስተዋውቆታል።

የሁለት ካርታ ብልጫ ቀላል ቢመስልም የጨዋታውን ባሕርይ ይለውጠዋል። ከ52 ካርታዎች ሁለት ሁለት እየተደረገ 1,326 የተለያዩ እጆች (የድብቅ ካርታ ስብስቦች) ሲወጡ፣ አራት አራት ሲደረግ ግን 270,725 ይወጣሉ፤ አራት ካርታ የያዘ ተጫዋችም በእጁ ስድስት የተለያዩ ጥንዶች አሉት። በሆልደም ከፍተኛው ጥንድ፣ ማለትም ሁለት አስ፣ ከሁለት ንጉሥ ጋር ቢገጥም ከአምስት ጊዜ አራቱን ያህል ያሸንፋል። በኦማሃ ግን ሁለት አስ የያዘ እጅ ቁጥራቸው ተከታታይ፣ ምልክታቸውም ሁለት ሁለት ሆኖ ከሚመሳሰል አራት ካርታዎች ጋር ሲገጥም፣ የማሸነፍ ዕድሉ ከአሥር ጊዜ ወደ ስድስት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ስለዚህ በኦማሃ የበላይነት ሁልጊዜ ጠባብ ነው፤ የጋራው ካርታ ከመዘርጋቱ በፊት ተጫዋቹ የሚተማመንበት እጅ እምብዛም አይገኝም።

ኦማሃ ብዙውን ጊዜ የሚካሄደው ፖት ሊሚት በተባለ ሕግ ሲሆን፣ ፖት የሚባለው በጠረጴዛው መሐል የተከማቸው መደብ ነው። በዚህ ሕግ ተጫዋቹ በአንድ ጊዜ ሊጨምር የሚችለው ከፖቱ መጠን አይበልጥም። ለምሳሌ በፖቱ ውስጥ 100,000 ካለና ተቃዋሚ 50,000 ካስያዘ፣ ቀጣዩ ተጫዋች መጀመሪያ 50,000 አስተካክሎ ፖቱን 200,000 ካደረሰ በኋላ በዚያው ልክ ሌላ 200,000 ሊጨምር ስለሚችል በጠቅላላው እስከ 250,000 ማስያዝ ይችላል። ገደቡ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከማስያዝ የሚያግድ ቢሆንም፣ ብላይንድ የሚባለው የግዴታ መዋጮ በየተወሰነ ጊዜ እያደገ ስለሚሄድና በውድድሩ ማብቂያ ላይ ከተጫዋቹ ሀብት ጋር ሲነጻጸር ከባድ ስለሚሆን፣ ሁለት ወይም ሦስት ጭማሪ ሁሉንም ቺፕ ወደ መሐል ለማስገባት ይበቃል።

ቺፕ በውድድር ውስጥ ገንዘብ የሚመስል፣ ነገር ግን ገንዘብ ያልሆነ መቁጠሪያ ነው። ተጫዋቹ የመግቢያ ክፍያውን ከፍሎ ቺፕ ይቀበላል፤ ቺፑ ሲያልቅበት ይሰናበታል፤ ሽልማት የሚያገኙትም በብዙ ውድድሮች ከተመዘገቡት 15 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ሁሉንም ቺፕ የሰበሰበው አሸናፊ የሽልማቱን ገንዘብ በሙሉ አይወስድም፤ ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛውና ለሌሎቹም ድርሻቸው ተለይቶ ተቀምጧል። በዚህ ምክንያት ተጨማሪ ቺፕ ሲገኝ የሚመጣው ጥቅም፣ ያንኑ ያህል ቺፕ ሲጠፋ ከሚደርሰው ጉዳት ያነሰ ይሆናል።

ይህን ልዩነት በገንዘብ ለመተመን የሚያገለግለው ቀመር መሠረቱ የፈረስ እሽቅድምድም ጥናት ነው። ዴቪድ ሃርቪል በ1973 (እ.ኤ.አ.) የእያንዳንዱን ፈረስ አንደኛ የመሆን ዕድል በመያዝ ሁለተኛና ሦስተኛ የሚወጣበትን ዕድል የሚያሰላ ዘዴ አሳተመ፤ የፖከር ጸሐፊው ሜሰን ማልሙዝም በ1987 (እ.ኤ.አ.) ተመሳሳዩን አስተሳሰብ ለቺፕ አዋለው። ሦስት ተጫዋቾች ብቻ የቀሩበትና ሽልማቱ 500,000፣ 300,000 እና 200,000 ብር የሆነበት ውድድር ቢታሰብ፣ ከጠቅላላው ቺፕ «ሀ» 50 በመቶ፣ «ለ» 30 በመቶ፣ «ሐ» ደግሞ 20 በመቶ ቢይዙ፣ በቀመሩ መሠረት የ«ሀ» ይዞታ የሚያወጣው 384,000 ብር ገደማ፣ የ«ለ» 327,500፣ የ«ሐ» ደግሞ 289,000 ገደማ ነው። ግማሹን ቺፕ የያዘው የገንዘቡ ግማሽ አይደርሰውም፤ ጥቂት የያዘው ግን ከቺፑ ድርሻ የሚበልጥ ዋጋ አለው።

እንግዲህ «ለ» ያለውን ሁሉ አስይዞ ከ«ሀ» ጋር ቢገጥም፣ ቢያሸንፍ ቺፑ በእጥፍ አድጎ ይዞታው 410,000 ብር ያወጣል፤ ቢሸነፍ ግን ሦስተኛ ሆኖ 200,000 ብር ይዞ ይወጣል። ትርፉ 82,500 ሲሆን ኪሳራው 127,500 ነው። በፖቱ ውስጥ ቀድሞ የገባው መዋጮ ለጊዜው ወደ ጎን ቢተውና ሒሳቡ ቢሠራ፣ ግጥሚያው ለ«ለ» እንዲያዋጣ የማሸነፍ ዕድሉ 61 በመቶ ያህል መሆን አለበት። በኦማሃ ደግሞ ሁለት አስ እንኳ ከጠንካራ እጅ ጋር ሲገጥም ይህን ያህል ዕድል ማግኘቱ አጠራጣሪ ነው። የዚህ ጨዋታ የመጨረሻ ምዕራፍ ከሌሎች የሚከብደው በዚህ ነው፤ የሽልማቱ አከፋፈል ሰፊ ብልጫ ይጠይቃል፣ የካርታው ባሕርይ ግን ጠባብ ብልጫ ብቻ ይሰጣል። ብዙ ቺፕ የያዘው ይህን ስለሚያውቅ መካከለኛዎቹን ደጋግሞ በመጨመር ያስጨንቃቸዋል፤ እነርሱም ትንሽ የያዘው ቀድሞ እስኪሰናበት ድረስ ጥሩ የሚባል ካርታ እየጣሉ ይታገሣሉ።

ሁለት ተጫዋቾች ብቻ ሲቀሩ ግን ሁኔታው ይገለበጣል። ከላይ በቀረበው ምሳሌ ሁለቱም 300,000 ብር ተረጋግጦላቸው የቀረው ፉክክር በ200,000 ብር ላይ ብቻ ስለሚሆን፣ ቺፕና ገንዘብ እንደገና እኩል ይራመዳሉ፤ እስከዚያ ድረስ ያተረፈው ትዕግሥትም ስፍራውን ለድፍረት ይለቃል። በ2000 (እ.ኤ.አ.) በላስ ቬጋስ በተካሄደው የዓለም ፖከር ተከታታይ ውድድር፣ የመግቢያ ክፍያው 2,500 ዶላር በነበረው የኦማሃ ውድድር፣ ገና የ23 ዓመት ወጣት የነበረው ፊል አይቪ ለእንዲህ ያለው የመጨረሻ የሁለት ሰው ፍልሚያ የቀረበው «አማሪሎ ስሊም» በሚል ስም ከሚታወቀው ከቶማስ ፕሬስተን ጋር ነበር። ፕሬስተን በ1972 ዋናውን ውድድር፣ በ1985 እና በ1990 ደግሞ ሁለት የፖት ሊሚት ኦማሃ ውድድሮችን ያሸነፈ አንጋፋ ቢሆንም፣ ወጣቱ አሸንፎ 195,000 ዶላር ተቀብሏል።

ከድል አፋፍ ላይ ራስን መግታት ለኢትዮጵያ ጨዋታዎችም እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት የገለጹት ጥንታዊው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ (ቼዝ) ይከፈት የነበረው ወረራ በሚባል፣ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪወሰድ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ በሚንቀሳቀሱበት ሽሚያ ነው። መጨረሻው ግን በጥብቅ ሥርዓት የታጠረ ነበር፤ አጃቢ ሁሉ አልቆበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ ሊረታ ስለማይችል፣ ብርቱው ተጫዋች የባላጋራውን ጠጠሮች በሙሉ ከመማረክ መቆጠብ ነበረበት፤ በእግረኞች የተገኘ ድልም በሌሎች ጠጠሮች ከተገኘው ይበልጥ ይወደስ ነበር። በሁለቱም ጨዋታዎች መጀመሪያው ለፈጣኑ ሲያደላ፣ ፍጻሜው መቼ መውሰድ እንደሌለበት ለሚያውቀው ያደላል።

ይህ እውቀት ለተራው አንባቢ የሚኖረው ትልቁ ጥቅም የቁማር ባለሙያ ማድረጉ ሳይሆን፣ በገንዘብ ላይ በሚደረግ ውሳኔ ኪሳራና ትርፍ በቁጥር እኩል ቢሆኑም እንኳ በክብደት እኩል እንደማይሆኑ ማሳየቱ ነው። በታላላቅ ውድድሮች የሚሳተፉ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ኪሳራውን ለመከፋፈል ከመግቢያ ክፍያቸው ድርሻ ለሌሎች ይሸጣሉ፣ በዓመት ውስጥም ደጋግመው ይወዳደራሉ፤ አዘጋጁም የአገልግሎት ድርሻውን ቀንሶ ስለሚያስቀር ተጫዋቾቹ በአንድነት ከከፈሉት ያነሰ ነው የሚመለስላቸው። የቤት ኪራዩን ወይም የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ለስፖርት ውርርድ የሚያስይዝ ሰው ግን ኪሳራውን የሚጋራው የለም፣ የሚያጣውም ሊያገኝ ከሚችለው እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ በመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ባለሙያ ሁለት አስ ይዞ እንዲጥል የሚያስገድደው ስሌት፣ ለዚህ ሰው ገና ከመጀመሪያው አለማስያዝን የሚመክር ስሌት ነው።