ሕያው ማዳበሪያና ባለ ጥማዱ ገበሬ

ከምንተነፍሰው አየር ከ100 እጅ 78ቱ ናይትሮጂን የተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ጤፉም ስንዴውም ያለ እርሱ አይለመልምም፣ ፍሬም አይቋጥርም፤ ነገር ግን እነዚህ አዝርዕት ከአየር በቀጥታ ለመውሰድ ኃይል ስላልተሰጣቸው፣ ገበሬያችን በባሕር ማዶ ተሠርቶ፣ በጅቡቲ ወደብ ገብቶ፣ በከባድ መኪና ደጋውን ወጥቶ የሚደርሰውን ዩሪያ ሲገዛ ኖሯል። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ገበያ ዋጋ ባሻቀበ ጊዜ የዚህ ጥገኝነት ክብደት ይበልጥ የተሰማው ትንሽ ማሳ ባለው ገበሬ ትከሻ ላይ ነው።

ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ አተርና አኩሪ አተር ግን የተለየ ጸጋ አላቸው፤ ይኸውም ራይዞቢየም የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ፍጥረታት በሥራቸው ውስጥ ጥቃቅን እባጭ ሠርተው፣ ከተክሉ ስኳር እየተመገቡ፣ ለተክሉም ከአየር ያዘጋጁትን ናይትሮጂን እየሰጡ በአንድ ማኅበር መኖራቸው ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ሄልሪገል ይህን ምሥጢር በ1886 እ.ኤ.አ. ከመግለጡ፣ ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤይሪንክም በ1888 ረቂቁን ፍጥረት ለይቶ ከማውጣቱ እጅግ አስቀድሞ፣ የሀገራችን ገበሬ ባቄላ የተነሣበት ማሳ ለሚከተለው ስንዴ እንደሚስማማ ዐውቆ ዘሩን ሲያፈራርቅ ኖሯል። ስለዚህ ሕያው ማዳበሪያ ይዞ ወደ ገበሬ ደጅ የሚሄድ የልማት ሠራተኛ፣ የነገሩን እኩሌታ ከሚያውቅ ሰው ጋር እንደሚነጋገር አስቦ በአክብሮት ሊቀርብ ይገባዋል።

ሕያው ማዳበሪያ የሚባለው ከእነዚህ ረቂቃን መካከል ብርቱዎቹ ተመርጠው፣ በላብራቶሪ ተባዝተው፣ በብናኝ ተለውሰው የሚታሸጉት ነው። በሀገራችን መናገሻ ባዮቴክኖሎጂ ኢንዱስትሪ ያመርተዋል፤ 125 ግራም የሚመዝነው አንድ ከረጢትም ለሩብ ሄክታር፣ ማለት ለአንድ ጥማድ መሬት ይበቃል። የባቄላው ለሽምብራ፣ የሽምብራውም ለባቄላ አይሆንም፤ ለጤፍማ ከቶ አይረዳም።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ዘሩ በጥላ ሥር በንጹሕ ሸራ ላይ ይፈስሳል፤ ጥቂት ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ይርከፈከፍበታል፤ ብናኙ ተነስንሶ እያንዳንዷ ፍሬ እስክትለብሰው ድረስ በእጅ ቀስ ተብሎ ይታሻል። በጥላው ጠፈፍ ካለ በኋላ ሳይውል ሳያድር እርጥበት ባለው መሬት ላይ ተዘርቶ ወዲያው አፈር ይለብሳል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከረጢቱ ውስጥ ያለው ነገር እንደ እርሾ ሕይወት ያለው በመሆኑ ነው። ዩሪያ በመጋዘን ወራት ቢከርም ዩሪያ ነው፤ ይህ ግን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሙቀት ሲመታው ሰንብቶ፣ ወይም የአገልግሎት ጊዜው አልፎበት ለገበሬው ቢደርስ፣ የሞተውን ከሕያው በዓይን መለየት ስለማይቻል፣ ምስኪኑ ገንዘቡንና ድካሙን ከስሮ፣ በሚቀጥለው ዓመት «አይበጀኝም» ቢል ማን ይፈርድበታል? «ገበሬው አዲስ ነገር አይቀበልም» እየተባለ ሲነገር በሰማሁ ቁጥር የሚያሳዝነኝ፣ ጥፋቱ በመንገድ ላይ ተፈጽሞ ሳለ ወቀሳው በማሳው ባለቤት ላይ መውደቁ ነው።

ወሰኑንም መደበቅ አይገባም። እጅግ ኮምጣጣ በሆነ አፈር ላይ ረቂቃኑ ስለሚዳከሙ መሬቱ አስቀድሞ በኖራ መታከም አለበት፤ ፎስፎረስ ከጎደለም እባጩ በሚገባ ስለማይዳብር ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ያስፈልጋል፤ ዩሪያ ሲበዛ ደግሞ ተክሉ ከውጭ ያገኘውን እየበላ እባጭ መሥራቱን ይቀንሳል። ተስማሚ ረቂቃን በብዛት የሚኖሩበት ነባር የባቄላ መሬትም ብዙ ለውጥ ላያሳይ ይችላል።

ገበሬውን ከስብከት ይልቅ የራሱ ማሳ ያሳምነዋል። ከማሳው ጥግ ያልታሸ ዘር በአንድ ትልም፣ የታሸውን በሌላው ዘርቶ፣ ባቄላው ሲያብብ ከሁለቱም ሥሩ ሳይበጠስ በመቆፈሪያ አንዳንድ ግንድ አውጥቶ፣ አፈሩን በውኃ አጥቦ፣ እባጮቹን በጥፍሩ ሰንጥቆ ይመልከት፤ ውስጣቸው እንደ ደም ከቀላ ሥራ ላይ ናቸው፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ለተክሉ አይረዱም። ይህን በገዛ እጁ የፈተነ ሰው ለጎረቤቱ የሚናገረው ቃል፣ በማሠልጠኛ ጣቢያ ከሚሰጠው ትምህርት ይልቅ ይታመናል።

ከዚህ የሚቀረው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ ነው፤ የአባሎቻቸውን ፍላጎት በየሰብሉ ለይተው አስቀድመው ማዘዝ፣ የባቄላውን ለሰኔ ዘር፣ የሽምብራውንም ክረምቱ ሲወጣ ለሚዘራበት ጊዜ ማድረስ፣ ከረጢቱን በቀዝቃዛ ቤት ማኖር፣ ቀኑ ያለፈበትንም ያለ ርኅራኄ ማስወገድ።