ተቋርጦ የተመለሰ ደም ለምን ይጎዳል?

አንድ ሰው ከፍርስራሽ ሥር ሰዓታት ቆይቶ በሕይወት ሲወጣ በዙሪያው ያለው ሁሉ «አልሐምዱሊላህ!» ይላል። ይሁንና ከሥር ሆኖ ሲያናግራቸው የነበረው ሰው ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ልቡ በድንገት የሚቆምበት ጊዜ አለ። ለዚህ አንዱ ምክንያት ተቋርጦ የነበረው የደም ዝውውር መመለሱ ነው። እንዴት?

ሕዋሶቻችን የሚኖሩት ደም በሚያደርስላቸው ኦክስጅንና ምግብ ነው። ደም ሲቋረጥ ሕዋሱ ኃይል ያጣል፤ አሲድ ይጠራቀምበታል፤ ሶዲየምና ካልሲየም እየገቡበት ያብጣል። አንጎል ይህን የሚቋቋመው ለደቂቃዎች ብቻ ሲሆን የእጅና የእግር ጡንቻ ግን ለጥቂት ሰዓታት ሊቆይ ይችላል።

ደሙ ሲመለስ ጉዳቱ በሁለት በኩል ይመጣል። በተጎዳው ቦታ ላይ፣ በድንገት የደረሰው ኦክስጅን የሕዋሱን ግድግዳ የሚያበላሹ ውህዶች እንዲፈጠሩ ያደርጋል። ነጭ የደም ሕዋሶች ይሰበሰባሉ፤ ትናንሽ የደም ሥሮች ፈሳሽ ያሾልካሉ፤ አካሉ ይበልጥ ያብጣል። በሌላ በኩል፣ ከሞተው ጡንቻ የወጣው ነገር በደም ተጭኖ መላ ሰውነትን ያዳርሳል። ፖታሲየም የልብን ምት ያዛባል፤ ማዮግሎቢን የተባለው የጡንቻ ፕሮቲን ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ መምሰሉ የዚህ ምልክት ነው።

ይህን ሕመም በደንብ ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1941 ባይዋተርስና ቢል የተባሉ ሐኪሞች ናቸው። ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ከፍርስራሽ የወጡ ሰዎች በኋላ በኩላሊት መድከም ሲሞቱ አይተው ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1999 በቱርክ የማርማራ የመሬት መንቀጥቀጥ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተጎጂዎች የኩላሊት እጥበት አስፈልጓቸዋል።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እግሩ ወይም እጁ ለረጅም ጊዜ የተጫነበትን ሰው ስናገኝ ቶሎ አምቡላንስ እንጥራ፤ በአገር ቤት የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። ባለሙያ ከደረሰ፣ ከተቻለ ክብደቱ ከመነሳቱ በፊት በደም ሥር ፈሳሽ ይጀምርለታል። ደረቱ ተጭኖ መተንፈስ ካቃተው ግን ማንንም ሳንጠብቅ እናውጣው። ከወጣ በኋላ «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

ሁለተኛ፣ እባብ የነደፈውን እግር በገመድ አጥብቆ ማሰር ደም አቋርጦ እግሩን ሊያሳጣ ይችላል። እግሩ እንዳይንቀሳቀስ አድርገን ወደ ጤና ተቋም እናድርሰው። ቀድሞ ታስሮ ለሰዓታት ከቆየ ግን በድንገት መፍታቱም አደገኛ ስለሆነ ለባለሙያ እንተወው።

ሦስተኛ፣ «ደም መመለሱ ከጎዳ ቢቆይ አይሻልም?» የሚል ካለ ተሳስቷል። ደም የተቋረጠበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር፣ ሲመለስ የሚያደርሰው ጉዳትም ይብሳል። የልብ ደም ሥር ሲደፈን እንኳ ሲከፈት የተወሰነ ጉዳት ይኖራል፤ ካልተከፈተ ግን የልብ ጡንቻው ይሞታል። ስለዚህ ደረቱን አጥብቆ ያመመው፣ ላብ ያጠመቀው ሰው «እስኪነጋ ልታገስ» ማለት የለበትም። በዚያው ሰዓት ይሂድ።

አላህ ሁላችንንም ከአደጋ ይጠብቀን።