የጌም ነጥብ የት ይደርሳል?

ልጅ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ሲጫወት ያየ ወላጅ «ጊዜህን በከንቱ አታባክን» ቢል አይፈረድበትም፤ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ኢንተርኔት ላይ አንድ ቁልፍ በመጫን ብቻ ዓለም እንደሚለወጥ የሚሰብኩ አሉ። ሁለቱም ወገኖች አንድ ጥያቄ ይዘላሉ። ተጫዋቹ የሠራውን ማን ይቀበለዋል? ተቀብሎስ ምን ያደርግበታል? (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት፦ ከጌም ቁም ነገር አይገኝም

በአሜሪካ ሲያትል ከተማ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 ፎልዲት የተባለ ጌም ለሕዝብ ለቀቁ። ስክሪኑ ላይ የተጠማዘዘ ባለቀለም ጥብጣብ ይታያል፤ የፕሮቲን ሥዕል ነው። ተጫዋቹ በማውዝ ይጎትተዋል፣ ያጥፈዋል፣ ይነቀንቀዋል። ሁለት ክፍሎች ከልክ በላይ ሲጠጋጉ እሾሃማ ቀይ ኳስ ብቅ ይላል፤ መሃል ላይ ክፍት ቦታ ሲቀር ቀይ አረፋ ይታያል። እነዚህ እየጠፉ በሄዱ ቁጥር ነጥብ ይጨምራል። ነጥቡ ታዲያ እንዲያው የተሰጠ አይደለም። ፕሮቲን በተፈጥሮው የሚረጋው ዝቅተኛ ኃይል በሚይዝበት ቅርጽ ስለሆነ፣ ነጥቡ የሚሰላው ይህንኑ ተከትሎ ነው። ቅርጹ ከታወቀ ደግሞ መድኃኒት የትኛው ቦታ ላይ ሊጣበቅ እንደሚችል መገመት ይቻላል።

ጦጣዎች ላይ ኤድስን የሚመስል በሽታ የሚያመጣ አንድ ቫይረስ አለ። የዚህ ቫይረስ አንድ ኢንዛይም ቅርጹ ምን እንደሚመስል ሳይታወቅ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይንቲስቶችን ሲያደክም ቆየ። ጥያቄው ለፎልዲት ተጫዋቾች ቀረበ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያቀረቡት ሞዴል፣ ተመራማሪዎቹ በኤክስሬይ ከሰበሰቡት መረጃ ጋር አዛምደው ትክክለኛውን ቅርጽ እንዲያወጡ አስቻላቸው። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ባዮኬሚስትሪ ደጃፍ ያልደረሱ ሰዎች ነበሩ። በ2011 ጥናቱ ሲታተም የተጫዋቾቹ ቡድኖች ስም ከጸሐፊዎቹ ተርታ ሰፈረ፤ የሚገባቸውም ነበር።

ከዚሁ ታሪክ ሌላ ተረት ተወልዷል፦ «ጌም ተጫዋቾች የኤድስን መድኃኒት አገኙ» የሚል። አላገኙም። ያገኙት የአንድ ኢንዛይም ቅርጽ ነው፤ ከዚያ እስከ መድኃኒት ያለው መንገድ ረጅም ነው። የሠሩት በቂ ትልቅ ስለሆነ ማጋነን አያስፈልገውም።

ተረት፦ አሁን ሁሉን ማሽን ይሠራዋል

የፕሮቲንን ቅርጽ በመተንበይ ረገድ ይህ በከፊል ልክ ነው። አልፋፎልድ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓት በ2020 ባሳየው ብቃት የሰው ተጫዋች ሊፎካከረው አይችልም። ፎልዲት ግን ጥያቄውን ቀይሮ ነበር። ተጫዋቾቹ ያለውን ፕሮቲን ከመገመት አልፈው በተፈጥሮ የሌለ አዲስ ፕሮቲን እንዲነድፉ ተጠየቁ። በ2019 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ተጫዋቾች ከነደፏቸው ፕሮቲኖች 146ቱ ቤተ ሙከራ ገብተው ሲሞከሩ 56ቱ በትክክል ታጥፈው ረግተዋል።

ተረት፦ ተጫዋቹ ሩዝ ይለግሳል

ፍሪራይስ የተባለው የጥያቄና መልስ ጨዋታ በጥቅምት 2007 ሲጀመር፣ ለእያንዳንዱ ትክክለኛ መልስ 10 የሩዝ ፍሬ ለተራቡ እንደሚሰጥ አስታውቆ ነበር። መሥራቹ አሜሪካዊው ጆን ብሪን በ2009 ለዓለም የምግብ ፕሮግራም አስረከበው። ገንዘቡ የሚመጣው ግን ከተጫዋቹ ኪስ ሳይሆን ገጹ ላይ ከሚወጣው ማስታወቂያ ነው። አንድ ኪሎ ሩዝ ከ40 ሺህ በላይ ፍሬ ስላለው፣ በዚያ ሒሳብ አንዲት ኪሎ ለመሙላት ከ4 ሺህ በላይ ትክክለኛ መልስ ያስፈልጋል። ብቻውን የሚጫወት ሰው አንድ ቤተሰብ አይቀልብም። ሚሊዮኖች ሲጫወቱ ግን ማስታወቂያው ገንዘብ ያመጣል፤ ገንዘቡን ተቀብሎ እህል የሚያቀርብ ድርጅት ስላለም ውጤቱ ሰው ጋ ይደርሳል።

ተረት፦ ረዳቱ ሩቅ አገር ነው፣ ተረጂው ደግሞ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል

ይህኛው ከሁሉም የሚጎዳ ነው፤ ሥራውን የሚያጠናቅቁትን ሰዎች ከነጭራሹ ይሰርዛቸዋል።

ከጌም ወጣ ብለን በጎ ፈቃደኞች በስክሪን የሚሠሩትን ካርታ እንመልከት። ጥር 12 ቀን 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ፣ የዋና ከተማዋ የፖርት ኦ ፕሪንስ ዝርዝር ካርታ ኢንተርኔት ላይ አልነበረም ማለት ይቻላል። ማንም ሰው ሊያርመው በሚችለው ኦፕንስትሪትማፕ በተባለው ነፃ ካርታ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ከየአገሩ ተረባረቡ። አዲስ የተለቀቁ የሳተላይት ፎቶዎችን እየተመለከቱ መንገዱን፣ የፈረሰውን ሕንፃና የተፈናቃዮችን ድንኳን ሣሉ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የነፍስ አድን ሠራተኞች ካርታውን በጂፒኤስ መሣሪያቸው ጭነው ይዞሩበት ጀመር።

በዚያው ሰሞን ሄይቲያውያን 4636 ወደሚባል ቁጥር በነፃ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይልኩ ነበር። መልእክቶቹ በክሪዮል ቋንቋ ስለተጻፉ የውጭዎቹ ረዳቶች አልገባቸውም። የተረጎሟቸው በአብዛኛው በውጭ አገር የሚኖሩ ሄይቲያውያን ናቸው። መልእክቱ የጠቀሰው ሰፈር የት እንዳለ የሚያውቁትም እነሱው ነበሩ። ጥሪዎቹ የሰፈሩበት ኡሻሂዲ የተባለው ካርታ ደግሞ ከሀብታም አገር የመጣ መሣሪያ አይደለም፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በአገራቸው ከምርጫ በኋላ በተነሣው ሁከት የደረሰውን ጥቃት ለመመዝገብ ኬንያውያን ከባልደረቦቻቸው ጋር የፈጠሩት ነው።

ከሄይቲ የተገኘው ትምህርት በ2014 ሚሲንግ ማፕስ የተባለውን ፕሮጀክት ወለደ። የአሜሪካና የብሪታንያ ቀይ መስቀል፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የኦፕንስትሪትማፕ በጎ ፈቃደኞች ቡድን አብረው የመሠረቱት ነው። ሐሳቡ አደጋ ከመድረሱ በፊት ካርታ ያልወጣላቸውን ቦታዎች መሙላት ነው። በጎ ፈቃደኛው ሳተላይት ፎቶ ላይ የቤቱን ጣሪያ ማዕዘኖች አንድ በአንድ ይጫናል፣ «ሕንፃ» ብሎ ይሰይማል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ልምድ ያለው ሌላ ሰው ደግሞ የተሣለውን መርምሮ ያርማል። ጣሪያው ሥር ያለው ጤና ጣቢያ ይሁን ትምህርት ቤት፣ መንደሩም ማን እንደሚባል ግን ከሰማይ አይታይም። ስለዚህ የመጨረሻው ሥራ የአካባቢው ነዋሪዎች ነው፤ የታተመ ካርታ ወይም ስልክ ይዘው በየመንገዱ እየዞሩ ስሙን ይጽፋሉ።