ግሥ ሲመረጥ

ብዙ ጸሐፊ ጽሑፉን ሲያርም ለስሙና ለቅጽሉ ይጨነቃል፤ ግሡን ግን አፉ እንደ ለመደው ይተወዋል። ዳሩ ግን የሚያስመሰግነውም የሚያስወቅሰውም ግሡ ነው። ምሳሌውን ከሩቅ ሳንሻ ከአባይ እንውሰድ።

«ጀምስ ብሩስ የአባይን ምንጭ አገኘ» የሚል ቃል በብዙ መጻሕፍት ይነበባል። ስኮትላንዳዊው ብሩስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1770 ዓ.ም. ከጣና በስተደቡብ፣ በሰከላ፣ ከግሽ አባይ መድረሱ እውነት ነው። ነገር ግን የካቶሊኩ ካህን እስፓኛዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ዓ.ም. ከዚያው ምንጭ ደርሶ ያየውን ጽፎአል። ብሩስ በ1790 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ ፓኤዝ ከስፍራው አልደረሰም ብሎ ተከራክሯል፤ ተከራከረ እንጂ አላስረዳም። ከሁለቱም አስቀድሞ የሰከላ ሰው ምንጩን ከነስሙ ያውቀው ነበር፤ ብሩስንም መንገድ የመራው የአገሩ ሰው ነው።

እንግዲህ «ደረሰ» ብንል እውነቱን ተናገርን። «ገለጸ» ብንል ለድካሙ ተገቢውን ዋጋ ሰጠነው። «አገኘ» ስንል ግን ምንጩ ጠፍቶ ወይም ሳይታወቅ የኖረ አስመሰልን፤ የባለአገሩንም ዕውቀት በአንድ ቃል ሰረዝን።

እንዲሁም ባሕር ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው አባይ ከጣና «ይወጣል»። «ይመነጫል» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ግን ከግሽ አባይ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ የሚገባውን ግልገል አባይን ዘነጋው።

በምርምር ጽሑፍም ግሦች እንደ መሰላል ደረጃ አላቸው። ሳይለካ በአሳብ የተባለ «ተገመተ» ይባላል። ጥቂት ማስረጃ ያለው ነገር «ይመስላል»፣ ወደ አንድ ወገን የሚያደላ ማስረጃ «ያመለክታል»፣ ተደጋግሞ ተመርምሮ ያልተናወጠ ብቻ «ተረጋገጠ»። ከታችኛው ደረጃ ቆሞ የላይኛውን ስም መጥራት ውሸት ባይባል እንኳ የውሸት ጎረቤት ነው።

ነገሩ የተማሪ ብቻ አይደለም። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጸሐፊ «ተከሳሹ ተናገረ» በሚለው ፈንታ «አመነ» ብሎ ቢጽፍ፣ በአንዲት ግሥ የሰው እንጀራ ሊቆረጥ ይችላል።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ብዕርህን ከማኖርህ በፊት እያንዳንዱን ግሥ «ይህን ያህል ለመናገር ማስረጃው አለኝን?» ብለህ ጠይቀው። ማስረጃው ካነሰ ግሡም ዝቅ ይበል።